የጠፋው ስንዴና የእርጋታው መምህር

በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ድርቁ በበረታበት ወራት፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ ያለችው ትንሿ ከተማችን በእህል ሳይሆን በጥበብ እንደምትተዳደር ያስመሰከረችበትን ታላቅ ጉባኤ፣ እኔ የገዢው ጸሐፊ በዓይኔ ስላየሁ በታላቅ አክብሮት እተርካለሁ።

ለተራበው ሕዝብ የተላከው መቶ ኩንታል ስንዴ መንገድ ላይ ጠፋ። ገዢያችን ግራዝማች አሻግሬ «ጠፍቷል» ብለው በማኅተም አረጋገጡ። ማኅተም ካረፈበት ወዲያ ስንዴው ቢገኝ እንኳ ሕገ ወጥ ነው።

ሕዝቡ ግን አልረጋ አለ። በለጡ የምትባል የአራት ልጆች እናት በየማለዳው ደጃችን ቆማ «ኧረ ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው፣ ጌቶች!» እያለች የመንግሥት ሥራ ታውካለች። ግራዝማችም ለዚህ ሁከት መድኃኒት ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ አቶ ስማቸውን።

አቶ ስማቸው ሕንድ አገር ሦስት ወር ተቀምጠው ስለ መቀመጥ የተማሩ፣ ስለ መተንፈስም ወፍራም መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ያለ መጽሐፍ ስተነፍስ መኖሬ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ሕዝቡ ተጠርቶ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ለየሰዉ አንዳንድ ፍሬ ሽምብራ ታደለ።

«እንዳትበሉት!» አሉ ሊቁ። «ተመልከቱት። ረሀብ ማለት የሐሳብ መበታተን ነው።»

«እኔ በልቼዋለሁ» አለች በለጡ።

«መቼ?»

«ገና ሲሰጡኝ። ሐሳቤ እንዳይበታተን ብዬ።»

ሊቁ አልተቆጡም፤ ጥርሳቸውን ብቻ አፋጩ። ከዚያም መመሪያውን አወጁ፦ «ማንም አይነሳ! ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ! የተደበቀው እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ትቀመጣላችሁ!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌው ሸህ ጀብሪል ፊታቸው በራ።

«ጀማው፣ አብሽሩ!» አሉ። «አውጫጭኝ ነው ለካ!»

ለማያውቅ ልንገር። በአገራችን ንብረት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌ ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም የነገረውን ሰው ስም ሳይጠራ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ሌባውን ያወጣል።

ሕዝቡ እግሩን አጣጥፎ ጸጥ አለ። አቶ ስማቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «እንዲህ ያለ ጥልቀት ሕንድ አገርም አላየሁ!» አሉ። ግራዝማችም «ሕዝቤ እኮ ጨዋ ነው» ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ረጅም አየር ሳቡ። ሹክሹክታው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር ሊቁ «የነፍስ ድምፅ ነው» ብለው አስረዱኝ። እኔም ጻፍኩት።

ሸህ ጀብሪል ብድግ አሉ።

«ወፏ ተናግራለች። ስንዴው ግራዝማች ጓሮ፣ አዲሱ ጎተራ ውስጥ ነው።»

ግራዝማች የሳቡትን አየር ሳይመልሱት ቀሩ። ሕዝቡ ግን ትምህርቱ የገባው ስለሆነ አልጮኸም፣ አልተጋፋም፤ በፍጹም እርጋታ ሄዶ ጎተራውን ከፈተ። በለጡ ስንዴዋን በነጠላዋ ቋጥራ ወደ ልጆቿ ስትሮጥ፣ ቀስ ብላ እንድትራመድ ሊቁ መከሯት፤ አልሰማችም።

ግራዝማች ትንፋሻቸው ሲመለስ ተቆጡ።

«ካወቃችሁ አራት ወር ሙሉ ምን ዘጋችሁ?»

«ጌታዬ» አሉ ሸህ ጀብሪል፣ እጅ ነስተው፤ «አውጫጭኝ የሚጠራው ገዢ ነው። እርስዎ እስኪጠሩን ስንጠብቅ ነበር እንጂ!»