ቧንቧ ሠራተኛው ከነሳሙናው

(ቡታጅራ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ። በአከራያቸው በወይዘሮ ሀጀራ ግቢ፣ የፊት ለፊቱ ቤት ማድ ቤት። የመሬት ቢሮው ባለሙያ ይድነቃቸው የተገነጠለ ቧንቧ በእጁ ይዞ ቆሟል። ሚስቱ ጥሩወርቅ ሳምንቱን ሙሉ «ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ሠራተኛ ጥራ» ስትለው «እኔ እያለሁ?» ሲል የከረመው እሱ ነው። አሁን ማንጠባጠቡ ቀርቶ ውሃው ከግድግዳው ይፈናጠራል። የጥሩወርቅ ታናሽ ወንድም ተሰማ ሱሪውን ሰብስቦ በርጩማ ላይ ወጥቷል። ጥግ ላይ ጥሩወርቅ ከመስቃን ያስመጣችው የዓመት በርበሬ በማዳበሪያ ተቀምጧል። ውሃው ወደ በርበሬው፣ ጥሩወርቅ ደግሞ ከቸርች ወደ ቤቷ እየመጡ ነው። ማን እንደሚቀድም እንጃ።)

ይድነቃቸው፦ አልሰበርኩትም አልኩህ! ለቀቀ። መስበርና መልቀቅ ይለያያሉ።

ተሰማ፦ እሺ ጋሼ። የለቀቀው ግን እጅዎ ላይ ነው።

ይድነቃቸው፦ ለምርመራ ነው የያዝኩት!

ተሰማ፦ በርበሬውን ላንሳው?

ይድነቃቸው፦ እንዳትነካ! መጀመሪያ መንስኤው፣ ቀጥሎ ውጤቱ። አዳማ ድረስ ሄደን የሠለጠንነው ይሄንን ነው።

ተሰማ፦ ውሃው ሥልጠናውን አልወሰደም መሰለኝ። በቀጥታ ወደ ውጤቱ እየሄደ ነው።

ይድነቃቸው፦ አትረበሽ! ወጥቼ ቆጣሪውን ጠርቅሜዋለሁ። ይሄ መስመሩ ውስጥ የቀረ ትርፍ ነው፣ አሁን ያልቃል።

ተሰማ፦ በሩ ጋ ያሉት ቆጣሪዎች ሁለት ናቸው እኮ ጋሼ።

ይድነቃቸው፦ አንዱ የኋላው ቤት ነዋ! እሱ ቤት ደግሞ ባዶ ነው። ለይቼ ነው የዘጋሁት፣ የሚያብለጨልጨውን።

ተሰማ፦ የእኛማ ዝጎ የለ...

ይድነቃቸው፦ ዝም በልና መብራት ፖል ላይ ስልኩ ለተለጠፈው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ለጀማሉ ደውልልኝ! ለምክክር ያህል ነው።

(ተሰማ ይደውላል፤ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ይሰጠዋል።)

ጀማሉ (በስልኩ)፦ አሎ! ቶሎ ይናገሩ፣ ሳሙና ላይ ነኝ!

ይድነቃቸው፦ ወንድሜ፣ ቤቴ ሐይቅ ሆኗል፣ ድረስልኝ!

ጀማሉ፦ እንዴት ልድረስ? ገላዬን ስታጠብ ውሃው ቀጥ አለብኝ! ከራሴ እስከ እግሬ አረፋ ነኝ። ወላሂ ስልኩን ያነሳሁት ግድግዳ እየዳበስኩ ነው!

ተሰማ (አንገቱን ወደ ጓሮው መስኮት አስግጎ)፦ ጋሼ፣ ሰውየው በስልኩም በመስኮቱም ነው የሚያወራው።

ይድነቃቸው፦ ኔትወርክ ነው። ድምፁ ሳተላይት ደርሶ ሲመለስ ሁለት ይሆናል።

ተሰማ፦ የመስኮቱ ይቀድማል እኮ።

ይድነቃቸው፦ እሱ ፋይቭ ጂው ነው! ...ጀማሉ፣ ቆጣሪህን አይተሃል?

ጀማሉ፦ በምን ዓይኔ? ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ነው ያለው! ሰው ሳይዘጋብኝ አይቀርም።

ይድነቃቸው (ተቆጥቶ)፦ ሰው ነው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በስንት ጸሎት ተራችን በደረሰበት ቀን፣ የሰው ቆጣሪ የሚዘጋ ሰው ይባላል?

ጀማሉ፦ ቢያዝ ምን ይደረግ ይላሉ?

ይድነቃቸው፦ ጀሪካን ማሸከም! ከታች ሰፈር ጉድጓድ እየቀዳ፣ ሕዝብ እያየው፣ እንደ አህያ ያመላልስልህ! እኔ ፈርጄበታለሁ!

ጀማሉ፦ አላህ ይስጥልኝ። እንደ እርስዎ ያለ ፍርድ አዋቂ አላየሁም።

ተሰማ፦ ጋሼ፣ ወጣ ብዬ ቆጣሪዎቹን ልያቸው?

ይድነቃቸው፦ እያስተማርኩ አታቋርጠኝ! ስማ ጀማሉ፣ ውሃ ማለት በተፈጥሮው...

(ስለ ውሃ ተፈጥሮ ለቧንቧ ሠራተኛ ያስረዳል። ተሰማ አማቹን ሲወድ ከልቡ ነው፣ የእህቱን ቁጣ ሲፈራ ግን ከዚያም ይበልጣል። ከበርጩማው ወርዶ ማዳበሪያውን ይሸከምና ሹልክ ይላል። ባዶ እጁን ሲመለስ ውሃው ተንጠባጥቦ፣ ተንጠባጥቦ... ቀጥ ይላል።)

ይድነቃቸው (እየዘለለ)፦ አላልኩህም? ትርፉ አለቀ! ጀማሉ፣ እንዳትደክም፣ በራሴ ጨርሼዋለሁ! (ስልኩን ኪሱ ይከትና ወደ ጥጉ ዞሮ ይጮኻል።) በርበሬው! ተሴ፣ ውሃው በርበሬውን ይዞት ሄደ! አለቀልኝ፣ ጥሩዬ ገደለችኝ!

ተሰማ፦ አይዞዎት፣ ጠብታ አልነካውም። አልጋዎ ላይ ነው።

ይድነቃቸው፦ አልጋዬ ላይ?

ተሰማ፦ በእርስዎ በኩል ነው ያደረግኩት።

(በሩ ይንኳኳል። ፎጣ ያገለደመ፣ ከአንገቱ በላይ አረፋ ብቻ የሆነ ሰው፣ ስልኩን ጨብጦ ግድግዳውን እየዳበሰ ይገባል።)

ጀማሉ፦ ጎረቤቶች፣ ይቅርታ። የኋላውን ቤት ትናንት ማታ ነው የተከራየሁት። ቆጣሪዬን ሰው ጠርቅሞት አገኘሁት። ብከፍተው ጠብታ የለም፣ የሰፈሩ ፈረቃ አሁን አለቀ። ከሐሙስ በፊት አይመጣም አሉ። የምለቃለቅበት...

(ድምፁ ከይድነቃቸው ኪስ ውስጥ «የምለቃለቅበት» ብሎ ይደግማል። ይድነቃቸው ለካ ስልኩን አልዘጋውም። የተገነጠለውን ቧንቧ ከኋላው ይደብቃል።)

ጀማሉ (ጆሮውን አቁሞ)፦ ይሄ የኔ ድምፅ አይደል?

ተሰማ፦ ኔትወርክ ነው።

ጀማሉ፦ ታዲያ እኒያ ፍርድ አዋቂው ሰውዬ እዚህ ናቸው?

ተሰማ፦ እዚሁ ናቸው። (ሁለት ጀሪካን አንስቶ ወደ ይድነቃቸው ይዘረጋል። ከውጭ የጥሩወርቅ መዝሙር እየቀረበ ይሰማል።) ጋሼ፣ መንስኤውን አገኘነው። ወደ ውጤቱ እንለፍ፤ ቢጫውን ይይዛሉ ወይስ ሰማያዊውን?