ሊሾ የለበሰው ግቢ

[ዝናቡ አላባራም። ሳሎኑ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። መሐንዲስ መሐንዲስ አይደለም፤ ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ጭቃ ጠላሁ ብሎ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ካስደረገ ወዲህ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ቤቱ ይጥለቀለቃል፤ የግቢው የውሃ ጉድጓድ ደግሞ ደረቀ። ሚስቱም ሕፃኑን ታቅፋ እናቷ ቤት ገባች፦ «ቤቱ ካልደረቀ፣ ጉድጓዱ ካልሞላ አልመጣም!» ናፍቆቷ አንጀቱን በልቶታል። ሊሾውን የሠራለትና አሁንም ሊያግዘው የመጣው ታናሽ ወንድሟ አማች፣ መወልወያ ይዞ ቆሟል።]

አማች፦ ጋሼ፣ ወደ በሩ ስጠርገው ተመልሶ ይመጣል።

መሐንዲስ፦ አጠራረግ ስለማታውቅ ነው! ውሃ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

አማች፦ ታቹ እኮ ሳሎናችን ነው።

መሐንዲስ፦ ዝም ብለህ ጥረግ!

አማች፦ እሺ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አሉ።

መሐንዲስ፦ ጥፋቱ የኔ መሰለህ? የላይኛው ጎረቤት ግቢውን ድንጋይ ካነጠፈ ወዲህ ውሃው ሁሉ ወደኛ ነው።

አማች፦ የኛስ ወዴት ይሄዳል?

መሐንዲስ፦ ወደ ታችኛው ጎረቤት።

አማች፦ ለካ ለዚህ ነው ጠዋት ሰላም ስለው ያኮረፈኝ! አንድ እግር ጫማ ብቻ ነበር ያደረገው።

መሐንዲስ፦ ወሬህን ተውና ቶሎ ጨርስ። ከዚያ ጀሪካን ይዘህ ውሃ ፍለጋ ትሄዳለህ።

አማች፦ [እግሩን እያየ] ውሃ ውስጥ ቆመን ውሃ ፍለጋ?

መሐንዲስ፦ ይሄ ጎርፍ ነው! የጉድጓድ ውሃ ከመሬት ነው የሚመጣው።

አማች፦ መሬትስ ከየት ያመጣዋል?

መሐንዲስ፦ ከዝናብ ነዋ!

አማች፦ [አሰብ አድርጎ] ዝናቡስ መጥቷል። መሬቱን ነው ያጣሁት።

መሐንዲስ፦ ወይ የሚስቴ ዘመዶች! [የሕፃኑን አልጋ ሊያድን ወደ ኋላ ክፍል ይሮጣል።] አንተ! ና! እዚህ ወለሉ ደረቅ ነው!

አማች፦ [ደንግጦ] የጓሮውን በር እንዳትከፍት!

መሐንዲስ፦ [ከፍቶ] ጓሮ ከተጣለው አሮጌ አልጋ ሥር ያለው ምንድን ነው? ጭቃ? እዚህ ጋ ለምን ሊሾ አላደረግክም?

አማች፦ እ... ሲሚንቶውን አቡክቼ ትንሽ ጋደም አልኩ። ስነቃ ድንጋይ ሆኗል። አልጋውን ጎትቼ ሸፈንኩበት።

መሐንዲስ፦ ሰነፍ! በል አሁኑኑ ይሄን ላስቲክ አንጥፍበትና ቁምበት!

[አማች አንጥፎ ይቆምበታል። ውሃው መግቢያ ያጣና ተመልሶ ወደ ሕፃኑ ክፍል መንገድ ይጀምራል።]

መሐንዲስ፦ ኧረ ውረድ! አንሳው! አንሳው እባክህ!

[ላስቲኩ ይነሳል። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። መሐንዲስ አፉን ከፍቶ ሲያይ ስልኩ ይጠራል። ሚስቱ ናት። በደስታ ያነሳዋል።]

መሐንዲስ፦ ሄሎ የኔ ቆንጆ! የልጃችን ክፍል? ደረቅ ነው ስልሽ! ... በምን ዘዴ? አስቤበት ነዋ! ጓሮ ላይ ሆን ብዬ ክፍት መሬት አስቀርቻለሁ። ዝናቡ በዚያ ይሰርጋል፣ ጉድጓዱም ቀስ እያለ ከዚያ ይጠጣል።

አማች፦ ጋሼ፣ እኔ እኮ...

መሐንዲስ፦ [በእጁ እየከለከለው] ወንድምሽማ ምን ያውቃል! ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ... አዎ፣ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር! [ፈገግታው ይከስማል።] እ? ... እያወቅኩ ሌላውን ለምን ሊሾ አስደረግኩ... አይ፣ እሱን እንኳ... ሄሎ? ... እሺ። ሁሉንም። ... በራሴ እጅ። ... ወንድምሽን አላዘውም፣ እሱ ይረፍ። ... እሺ የኔ እመቤት። ሊሾውን አፍርሼ ስጨርስ እደውላለሁ።

[ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ይከታል።]

አማች፦ ምን አለች?

መሐንዲስ፦ «ሳያውቅ ያጠፋ ይማራል፤ አውቆ ያጠፋ ይቆፍራል» አለች።

አማች፦ ውይ ጋሼ! እኔ እኮ ጥፋቱ የኔ ነው ልላት ነበር፤ አላስጨርስ አልከኝ። [ዶማውን አምጥቶ በሁለት እጁ እያቀበለው] በል እንካ፤ አያያዙን መቼም ታውቅበታለህ።