ወይዘሮ ፒልሱንና እምቢ ያለው ፊት

የትም ሰፈር ኑሩ፣ የሰው ፊት አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው "እንደምን አደርሽ" ሲል እሱ "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?" ይላል። ፈጣሪ ለሌላው ሰፈር እንዲህ ያለውን ሰው በልክ ይሰፍርለታል። በኮሪያ ባሕር ዳር ላለው ለእኛ ለሞክፖ ወደብ ሰፈር ሲሰፍር ግን እጁ አመለጠውና ወይዘሮ ፒልሱንን ሰጠን።

ክብርት ወይዘሮ ፒልሱን ከባሏ ጋር የዓሣ መረብ ትሸጣለች። ይህ መተዳደሪያዋ ነው እንጂ ሥራዋ አይደለም። ሥራዋ የእኛ ፊት ነው። መረብ ሊገዛ የመጣ ዓሣ አጥማጅ አገጩ ቀና ተደርጎ፣ ጉንጩ ወደ ብርሃን ተገላብጦ፣ "አንተ ልጅ፣ የፀሐይ መከላከያ አትቀባም አይደል? ፊት አይዋሽም" ሳይባል መረቡን ይዞ አይወጣም። ፖስታ አመላላሹ በሱቋ በር ሲያልፍ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ዝቅ ያደርጋል። ፀሐይ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ።

"ፊት አይዋሽም" የዘወትር ቃሏ ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛዋን አቅፋ ከልቧ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ የሴትዮዋን እንባ በአውራ ጣቷ ጠረገችና "የኔ እህት፣ እንባ ጨው ነው፤ ሳይደርቅብሽ ታጠቢውና ቅባት አድርጊበት" አለቻት። እኔ በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ። ሐዘንተኛዋ ግን ተነሥታ ሄደች፤ ታጥባ መጣች።

የሚሰሟት ለምን መሰላችሁ? የራሷ ፊት ምስክሯ ነበራ። በስልሳ ዓመቷ ጉንጯ ገና እንደ ተላጠ እንቁላል ያበራ ነበር። ጠዋትና ማታ በአረፋ ትታጠባለች። ከዚያ ውሃ የመሰለውን፣ ቀጥሎ በጠብታ የሚወርደውን፣ ቀጥሎ ስሱን፣ በመጨረሻ ወፍራሙን ቅባት አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለች። ልጇን ስትወልድ የጀመረችውን ቅደም ተከተል ልጇ ለሠርግ እስክትደርስ አንድም ቀን አላዛነፈችም። ቤቷ ቢቃጠል መጀመሪያ ወፍራሙን ሳትቀባ የምትወጣ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔና እሷ አብረን የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት እንሄዳለን። ሙቁ ገንዳ ውስጥ እንደ ድንች ከተቀቀልን በኋላ እንወጣና ትንንሽ በርጩማ ላይ እንቀመጣለን፤ እሷ አረንጓዴውን ሻካራ ጨርቅ እጇ ላይ አጥልቃ ጀርባዬን ትፈገፍጋለች። ቀጥሎ እኔ የሷን። ጀርባውን የሚፈገፍግለት ያጣ ሰው በእኛ ዘንድ ወዳጅ የሌለው ነው።

"ቀስ በይ እንጂ፤ ዓሣ መሰልኩሽ እንዴ?" እላታለሁ።

"ዝም በይ እትዬ፣ እድፉ ሲወርድ ደስ ይለኛል።"

ስንጨርስ በዚያው ጨርቅ የራሷን ፊት ትፈትጋለች። ያ ጨርቅ ለጀርባ እንጂ ለፊት እንዳልሆነ ሕፃን ያውቃል። ወይዘሮ ፒልሱን ግን "የኔ ለምዶታል" ትላለች።

በመከር ወራት የልጇ የዳሶም የሠርግ ቀን ተቆረጠ። ቀኑ በረዶው ሊቀልጥ ሲል ነው። በሠርጋችን ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በእንግዳው ሁሉ ፊት ይሄዱና ሻማ ይለኩሳሉ። ስለዚህ እንግዳው ከሙሽራዋ በፊት የሚያየው እናቷን ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ የወይዘሮ ፒልሱን ፊት እምቢ ያለው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ቀላ። ከዚያ አፍንጫዋ ዙሪያ እየተላጠ መጣ። ቆይቶ ዕድሜ ልኳን ያመነችው ቅባት እንደ በርበሬ ያቃጥላት ጀመር። እሷም ቁጣዋን ሁሉ በጠርሙሱ ላይ አወረደች። "ውሃ ጨምረውበታል" አለች። ሌላ ገዛች። የቀንድ አውጣ ዝልግልግ ያለበትን ቅባት ሞከረች፣ የንብ መርዝ ያለበትን ሞከረች። ሁለቱም ሲያቃጥሏት "ቆዳዬ ቅባቱን ለምዶ ሰልችቶታል፤ መደንገጥ አለበት" ብላ ሁሉንም በአንድ ላይ ደረበቻቸው። ከውጭ የሞተ ቆዳ ለቅባቱ መንገድ ዘግቶበት ነው ብላም ቅዳሜ ብቻ የነበረውን ፍተጋ ረቡዕም አደረገችው። ብርዱ ሲገባ፣ ቤታችን የሚሞቀው ከወለሉ ሥር ነውና፣ ወለሉን አጋለችው፤ የቤቱ አየር ከመድረቁ የተነሣ ምንቸቱ ራሱ ከንፈሩ የሚሰነጠቅ ይመስል ነበር።

ዳሶም ከሴኡል መጥታ አየቻት። "እማዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? የሠርጉ ቀን ፊት የምታስውበው ሴት በደንብ ትሸፍንልሻለች።"

"ማንም አይሸፍነኝም።"

"ሁሉም እናት ትኳኳላለች እኮ።"

"ይኳኳሉ። እኔ በገዛ ፊቴ ነው የምገባው።"

"በእልህሽ እኮ ነው ፊትሽ የሚቀላው" ብላ ዳሶም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱን አውቅ ነበራ።

የፒልሱን እናት የጨው ማሳ ሠራተኛ ነበረች። ፀሐይ ከላይ፣ የጨው ነጸብራቅ ከታች ፊቷን እንደ አሮጌ ጫማ አድርቀውት ነበር። ልጇ ስትዳር ሻማ ለኩሺ ቢሏት እምቢ አለች። "ፎቶሽን አበላሽብሻለሁ" ብላ ጫማ ከተደረደረበት በር አጠገብ ቆመች። እህቷ በሷ ቦታ ለኮሰች። የፒልሱን የሠርግ ፎቶ ላይ እናት በሚቆምበት ቦታ የቆመችው አክስቷ ናት። ከዚያ በኋላ ፒልሱን የሰው ፊት አይታ ዝም ማለት አቃታት። እኛ ነገረኛነት ነው እንል ነበር።

የኪምቺ ቀን ደረሰ። ለብርዱ ወራት የሚበቃ ጎመን በጨውና በበርበሬ ልንቀምም ሁላችንም የሷ ግቢ ተሰበሰብን። ጎረቤታችን ጉምሬ፣ ኑድል ቤት ያላት፣ ጨው በሳህን ሰፍራ ጎመኑ ላይ ልትደፋ ስትል ወይዘሮ ፒልሱን ክንዷን ያዘቻት።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ጨው ነዋ። አምና በዚችው ሳህን አልነበር? ጣፍጦ የለም?"

"አምና ጎመኑ ሌላ ነው። የዘንድሮው ቅጠሉ ስስ ነው፣ ብርዱም ቀድሞ ገብቷል። በአምናው ልክ ካፈሰስሽበት ይኮማተርና ይጠወልጋል። ደስ አለውም አላለውም ብለሽ ሰፍረሽ አትጭኚበት፤ መጀመሪያ ዳስሺው እንጂ።"

ጉምሬ ሳህኑን አስቀመጠች። ቅጠሉን ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ የወይዘሮ ፒልሱንን ፊት ትክ ብላ አየችው።

"እትዬ ፒልሱን፣ እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ።"

"የቱን?"

"የጎመኑን።"

"ቅጠሉ ስስ ነው አልኩሽ፣ ብርዱም ቀድሞ…"

እዚህ ላይ ቆመች። ሁላችንም እጃችን በርበሬ እንደ ለበሰ የተላጠ አፍንጫዋን እናያለን።

"ጨው አብዝተሽበታል፣ ፒልሱን" አልኳት።

"ፊት አይዋሽም" አለች ጉምሬ፣ በለሆሳስ።

"ሥራችሁን ሥሩ" አለችን ወይዘሮ ፒልሱን። ግን እጇን ታጠበችና ጎመኑን እንደምትዳስሰው አድርጋ በጣቷ ጀርባ ጉንጯን ዳሰሰችው።

በማግስቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ የነገራት ከጎመኑ ወሬ ብዙም አይርቅም። ቆዳሽ አልሰለቸም፣ ቆስሏል። በዕድሜ የራሱ ቅባት ቀንሷል፣ አየሩም ደርቋል፤ አንቺ ግን ለወጣት ቆዳ የጀመርሽውን ሳታይ ትደግሚያለሽ፣ እርጥበቱን የሚይዝለትን ላይኛውን ሽፋንም ፈትገሽ አንሥተሽበታል። የተላጠ ግድግዳ ላይ ቀለም ብትደርቢ አይዝም አላት።

ወይዘሮ ፒልሱን ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። ጠርሙሶቿን ሁሉ በመረብ ጠቅልላ፣ በዓሣ አጥማጅ ቋጠሮ አስራ ቤቴ አመጣችው።

"እትዬ፣ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።"

ሳምንት ሳይሞላ መጣች። "አንዷን ብቻ ልያት።"

"አልሰጥሽም።"

"አልቀባትም እኮ፣ ላሽትታት ነው።"

"ሂጂ መረብሽን ሽጪ።"

"አንቺ ሴትዮ ልብ የለሽም።"

"አደራ ነው የሰጠሽኝ። ፊትሽ ሲድን ነይ።"

በረንዳዬ ላይ ቆማ ከመረቡ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየችና ሄደች። ቤቷ የቀራት ለብ ያለ ውሃ፣ ፊቷ ገና እርጥብ እያለ የምትቀባው ሽታ የሌለው አንድ ቅባትና የቀን የፀሐይ መከላከያ ብቻ ነበር። ወለሉን ማጋል ተወች፤ መኝታ ክፍሏ እርጥብ ፎጣ ሰቀለች። ከሁሉ የከበዳት ቅዳሜ ነበር። መታጠቢያ ቤት ሌሎቹ ሲፈገፍጉ እሷ ሁለቱን እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸጉጣ ትቀመጣለች፤ ጨርቁ ካጠገቧ ሲያልፍ ፆመኛ ሥጋ እንደሚያይ ታየዋለች።

የኔንም ጀርባ አልፈገፍግ አለች። "ያንቺም ቆዳ አርጅቷል እትዬ። ስንት ዘመን ልጬሻለሁ" ብላ በባዶ መዳፏ፣ በሳሙና ብቻ አጠበችኝ። እድፌ ቀረ ብዬ አጉረመረምሁ። እጇ ግን ሙቅ ነበር።

ቅላቱ ቀስ በቀስ በረደ። መላጡ ቆመ። ያኔ ቋጠሮውን ፈታሁና አንዷን ጠርሙስ ሰጠኋት፤ ፊቷን እንደ ተስማማው ካየች በኋላ ሌላዋን። ያልተስማሙት እኔ ጋ ቀሩ። ቀንድ አውጣው እስካሁን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ወይዘሮ ፒልሱን ሮዝ የባህል ልብሷን ለብሳ፣ ሰማያዊ የለበሰችውን የሙሽራውን እናት ወይዘሮ ቾሁዪን እጅ ይዛ ገባች። ፊቷ እንደ ድሮው እንቁላል አልነበረም። አፍንጫዋ ጥግ ትንሽ ቅላት ቀርቶ ነበር፤ ሽብሽቦቿም ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። ግን የራሷ ፊት ነበር፤ ቀና ብሎም ይሄድ ነበር። ሻማው ዘንድ ሲደርሱ ወይዘሮ ቾሁዪ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ስትጠይቃት የፊተኛው ወንበር ላይ ሆኜ ሰማሁ።

"ምን ተቀብተው ነው እንዲህ ያማረብዎት?"

ይህችን ጥያቄ ፒልሱን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቃት የኖረች ናት፤ መልሱ እስከ ማታ አያልቅም፤ ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመዋል።

"መጀመሪያ ሻማውን እንለኩስ" አለች ወይዘሮ ፒልሱን።

ለኮሰች። በኋላም ፎቶ አንሺው "የሙሽራዋ እናት ወዲህ" ሲል፣ በር በሩን አላየችም። ሁለተኛ ሳይጠራት ሄዳ ከልጇ ጎን ቆመች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መታጠቢያ ቤት ሦስት ነን። ወይዘሮ ቾሁዪ ከነማያልቀው ጥያቄዋ በርጩማዋን ከመካከላችን አስገብታለች። ወይዘሮ ፒልሱን የወይዘሮ ቾሁዪን አገጭ ወደ መብራቱ ቀና አድርጋ፣ ጉንጯን አገላብጣ፣ "እርጥብ ፎጣ አይሰቅሉም አይደል? ፊት አይዋሽም" እያለች ጀርባዋን በመዳፏ ታጥባለች።

"ፒልሱን፣ ጀርባዬ በረደኝ" አልኳት ባለፈው።

"ተራሽን ጠብቂ እትዬ።"

ከጎኔ የተቀመጠችው ጉምሬ "ምን አስጠበቀሽ፣ እኔ ልጠብሽ" አለችኝ። ጉምሬ ጥሩ ልጅ ናት፤ ወሬም አታበዛም። አመሰገንኳትና ውሃ ትከሻዬ ላይ አፈሰስሁ፣ የፒልሱንን እጅ ጠበቅሁ።