ጋሽ ዳና ናዳ ከፊትም ከኋላም ጠፍተዋል

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን ብከፍት «ሁችራደአ ንምደንእ» የሚል ሰላምታ ጠበቀኝ። አትደንግጡ፣ ዓይናችሁ ደህና ነው። «እንደምን አደራችሁ» ማለት ነው፤ ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት ተደርድረው። ለምን ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እኔም ስንት ጊዜ ጠይቄ መልስ ያጣሁበት ነገር ነው። አሁን እንደምን አደራችሁ ለማለት ሰውን ማደናበር ያስፈልጋል?

ሰላምታውን የገለበጠው የባለቤቴ የአስቴር ታናሽ ወንድም ምስክር ነው። ምስክር እዚሁ አርባ ምንጭ ተምሮ የተመረቀ፣ ጨዋ ሰው ነው። ችግሩ ስልክ ሲይዝ ነው። «ገልብጠው» የሚባል ገጽ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ቃል ሲገለብጥ ይውላል። ተከታዩ ደግሞ ብዛቱ! ከፊትም ከኋላም ሲነበብ ያው የሆነ ቃል ያገኘ ቀን ደስታውን አትጠይቁኝ። «የቆየ» ብሎ ይለጥፋል። ገልብጡት፣ ያው «የቆየ»። «የታየ» ይላል፤ ያው «የታየ»። ሰዉም ከሥር ከሥር እየተከታተለ ያጨበጭባል።

አንድ ቀን «ውሃው» ብሎ ለጠፈ። ከፊት ብታነቡት ውሃው፣ ከኋላ ብታነቡት ውሃው። ያን ሰሞን ሴቻ እኛ ሰፈር ቧንቧው ጭጭ ካለ ሰንብቷል። በምንጭ ስም በተጠራ ከተማ ጀሪካን ይዤ ስዞር ውዬ፣ ወገቤን ይዤ ቁጭ ስል፣ «ውሃው! ዋው!» እያለ የሚንጫጫ ሕዝብ ሳነብ ደሜ ቢፈላ ይፈረድብኛል? ከፊት ብጠብቀው ያልመጣ ውሃ፣ ከኋላ ይመጣል ብዬ ልጠብቅ?

ነገሩ ደግሞ ይጋባል። ከኛ ቁልቁል ታች ሲቀላ ሰፈር አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ የምስክር ተከታይ። እሱም ዘመናዊ ልሁን ብሎ «ትኩስ ቦዳ አለን» ብሎ በገጹ ላይ አወጣ። ዳቦን መገልበጡ ነው። በማግስቱ ሰዉ እየመጣ «ቦዳ ስጠን» ይለው ጀመር። ከገብስ ነው ወይ፣ ከበቆሎ ነው ወይ፣ ለስኳር በሽተኛ ይሆናል ወይ ብለው ይጠይቁታል። መጀመሪያ ሊያስረዳ ሞከረ። ኋላ ሰለቸውና ያንኑ ዳቦ አንስቶ መስጠት ጀመረ። ጎረቤቴ ይኸው እስከ ዛሬ ቦዳ ለጨጓራዋ ተስማምቷት፣ ዳቦ ግን አልስማማ ብሏት ትኖራለች።

ይኼ ሁሉ ጨዋታ ነው እንበል። ይለፍ። እኔ የማላልፈው የጋሽ ዳናን ነገር ነው።

ጋሽ ዳና የአስቴር አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚኖሩት ደጋ፣ ገረሴ ነው። እዚያ አገር መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ይቆማል። «ሳሮ»፣ ሰላም ነው፣ ይባላል። ከዚያ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ማሳው ይጠየቃል፣ የተጠየቀውም በተራው ይጠይቃል። ጋሽ ዳና ይህን ልማዳቸውን ከተማ ሲወርዱ ገረሴ ትተውት አይመጡም። ከእሳቸው ጋር አንድ መንገድ መሻገር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ባለ ባጃጁን፣ ጥበቃውን፣ ሙዝ ሻጯን፣ ማንንም አያልፉም። ስልክ የላቸውም። ስልክ የማያዩትን ሰው ሰላም የሚሉበት ዕቃ ስለሆነ አይወዱትም።

ባለፈው ዓመት ዓይናቸውን ጋረዳቸውና ለሕክምና መጡ። አስቴር ከሲቀላ መናኸሪያ ተቀብላ በባጃጅ ሴቻ ወደሚገኝ የዓይን ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተደረገላቸው። ጠብታው ለጊዜው ብዥ ያደርጋል። «እዚህች ወንበር ላይ ቁጭ ይበሉ» ብላቸው መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። ክሊኒኩ ሁለት በር አለው፣ የፊትና የኋላ። እሷ በፊት በር ስትገባ፣ እሳቸው በኋላው በር ወጥተዋል።

እንግዲህ አስቡት። ዓይናቸው በቅጡ የማያይ ሽማግሌ። ከሴቻ ቁልቁል ሲወረድ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ባጃጁ ይበራል፣ አይሱዙው ይበራል። ከመንገዱ ወዲያ ጫካ ነው፣ ከጫካው ወዲያ ሐይቅ። ሐይቁ ውስጥ ያለውን አዞ ልንገራችሁ? አስቴር ስትደውልልኝ ድምፅዋን አላወቅኩትም። «አባዬን ጣልኳቸው» ትላለች። አባቷ ልጅ እያለች ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አባዬ ነው የምትላቸው።

ከቢሮ እየሮጥኩ ደረስኩ። ምስክርም መጣ። እሱንም ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና እንባው መጥቷል። አስቴር «ያን ሁሉ ሰው ሰብስበህ የለ? ንገራቸው እንጂ!» አለችው። እውነቷን ነው አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ገጽ ደስ አለኝ። የአስቴር ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር የኔን ቁጥር ሰጠሁትና ጻፈ።

«ጋሽ ዳና ናዳ የተባሉ አባት ዛሬ ሴቻ ከዓይን ክሊኒክ ወጥተው ጠፍተውብናል። ቡልኮ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ዓይናቸው በደንብ አያይም። ያያችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልን።» ፎቷቸውም አለበት። ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሰው የተጻፈ ማስታወቂያ።

ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «ዳና ናዳ! ከኋላም ዳና ናዳ! ምስክር፣ ዛሬስ ራስህን በለጥክ!»

ገልብጡታ። ዳና ናዳ። ስማቸው ከነአባታቸው ከፊትም ከኋላም አንድ ነው። ይህን ሁሉ ዕድሜ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ ምስክር ራሱ ልብ አላለውም። እነዚያ ግን በዓይን ጥቅሻ አዩት። ማስታወቂያው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሁሉም ይጋራዋል፣ ሁሉም ይስቃል። አንዱ «ቡልኮ ሲገለበጥ ኮልቡ ይሆናል፤ ኮልቡ የሚባል ሰፈር አለ እንዴ?» ይላል። ሌላው «ከኮንሶ መንገድ ወዲህ ይመስለኛል» ብሎ ይመልስለታል። አንዷ «የከዘራው አልመጣልኝም፣ ፍንጭ ጨምርልን» ትላለች። ፎቷቸውን ዓይቶ «ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቃቸው?» ብሎ ራሱን የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

ምስክር ከሥር ገብቶ «ወገኖቼ፣ ጨዋታ አይደለም፣ እውነት ነው!» ብሎ ለመነ። ይህንንም ገለበጡት። «ሲገለበጥ ምንም ትርጉም አይሰጥም፣ ተሳስተሃል» አሉት።

ስልኬ ጮኸ። ልቤ ዘለለች። «አገኘኋቸው!» ይላል አንድ ወጣት ድምፅ። «የት? የት ናቸው ወንድሜ?» አልኩት። «ስማቸው ውስጥ ነዋ! ዳና ናዳ! ሽልማቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ምን እንዳልኩት አልነግራችሁም። አስቴር ጸሎት ቤት የምትዘምር ሴት ናት፣ ጆሮዋን ያዘች። ዘጋሁት። ወዲያው ሌላ ተደወለ። ሌላ መልስ ሰጪ። ከዚያም ሌላ። እያንዳንዱ ሲደውል ተገኙ ብሎ ልቤ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ መልሱን ነግሮኝ ይስቃል። እንዲህ ዓይነት ንዴት ተናድጄ አላውቅም። ሰው ጠፋ ተብሎ ሲነገረው መጀመሪያ ፊደሉን የሚቆጥር ፍጡር ከየት መጣ? ማን አስተማረው? ተገልብጦ ያልተጻፈውን ካልገለበጥኩ ብሎ የሚሟገት ሰው ምን ብለው ያናግሩታል?

አስቴር ስልኬን ከእጄ ነጠቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ በኋላው በር ወጣች። ተከተልናት። በሩ አጠገብ ማንጎ የምትሸጥ ሴት አለች። አስቴር ገና አፏን ስትከፍት፣ «ባለ ቡልኮው ሽማግሌ? እንዴት አላያቸውም!» አለች። ቆመው ልጆቿን በየስማቸው ጠይቀዋት፣ ትምህርታቸውን ጠይቀዋት፣ መርቀዋት ቁልቁል ወርደዋል። ወረድን። አንድ ጥበቃ ከወንበሩ አስነስተውት ሲጨባበጡ እንደቆዩ ነገረን። ወረድን። ሲቀላ ስንደርስ የእህል ነጋዴውን ሸምሱን ጠየቅነው።

«ወላሂ አሁን ነው ያለፉት» አለ ሸምሱ። «ከብቶቼ ደህና መሆናቸውን ጠየቁኝ። እኔ ከብት የለኝም። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? ደህና ናቸው አልኳቸው። ጥጃዋስ አሉኝ። እሷም ደህና ናት አልኳቸው። ወደ መናኸሪያው ነው የሄዱት።»

መናኸሪያው ውስጥ፣ የገረሴ መኪና የሚቆምበት ጥላ ሥር፣ ጋሽ ዳና የሰው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሙዝ ይበላሉ። ሙዙን የሰጣቸው የመኪናው ረዳት ነው፤ የእሱንም እናት ጠይቀውለታል። አስቴር ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እሳቸው በብዥታው መሀል ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱና በደጋ አማርኛቸው ደንግጠው ጠየቁ።

«አስቴር ለምን ያለቅሳል? ማነው የሞተ?»

«ጠፍተውብን ነው እኮ፣ አባዬ!»

«እኔ አልጠፋም» አሉ ተቆጥተው። «እናንተ ነው የጠፋ። እኔ የወረድኩበት ቦታ መጥቼ ቁጭ አልኩ። እናንተ የት ነበር?»

የት እንደነበርን ብነግራቸው ይገባቸዋል? ስልክ ላይ ነበርን ልበላቸው?

ምስክር ያን ቀን «ጋሽ ዳና በሰላም ተገኝተዋል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ለጠፈ። ማንም አላየው። «ተገኝተዋል» ሲገለበጥ ምንም አይወጣውማ! ጠፍተዋል የሚለው ግን መዞሩን ቀጠለ። ከአርባ ምንጭ ወጣ፣ ወላይታ ደረሰ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ተመልሶ መጣ። በየወሩ አንድ አዲስ ሰው ያገኘዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይደነቃል፣ ያጋራል። በመጨረሻም፣ ሁሉም ከተሳሳቀ በኋላ፣ ለካ ማስታወቂያውን ማንበብ የጀመረ ሰው ተገኘ። ለካ እውነትም የጠፉ ሽማግሌ ናቸው ተባለ። ከተማው አዘነ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዳና ለገበያ ወርደው ሲቀላ እግራቸው በረገጠ ቁጥር ይያዛሉ። መጀመሪያ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የጫነ ፒካፕ አግኝቷቸው ጋቢና አስገብቶ ሴቻ ቤታችን ድረስ አመጣቸው። ቀጥሎ ባለ ባጃጅ። ቀጥሎ ከጸሎት ቤት የሚመለሱ እናቶች፣ እየዘመሩ። «አባታችን፣ ዳና ናዳ አይደሉም?» ይሏቸዋል። «ነኝ» ይላሉ፤ ውሸት አይናገሩም። ከዚያ እሳቸው የሰዎቹን ከብት ሲጠይቁ፣ ሰዎቹ ይጭኗቸዋል። ሒሳብ አይቀበሉም። ከሳቸው ጋር ፎቶ ይነሳሉ። እኔም ቢሮ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ይጮሃል፤ «አግኝተናቸዋል፣ ቶሎ ይምጡ» እባላለሁ። አለቃዬ «ያንተ አጎት ደግሞ ስንት ጊዜ ነው የሚጠፉት?» ማለት ጀምሯል። ሲጠፉ ያልፈለጋቸው ሕዝብ፣ ከተገኙ በኋላ ፍለጋ ወጣ! ንገሩኝ እስቲ፣ ይህን የት ወስጄ ልገልብጠው?

ባለፈው ወር መረረኝ። ምስክርን ጠርቼ፣ ፊቴ አስቀምጬ፣ ማስታወቂያውን አስጠፋሁት። ተገኝተዋል የሚለውን በትልቁ፣ በቀይ፣ ገጹ አናት ላይ አስጻፍኩት። የተጋራበትን ሁሉ እየዞረ እንዲያስነሳ አደረግኩት። ሠራ፣ ለፋ፣ ተሳካለት። ሕዝቡም «እሰይ፣ ተገኙ» ብሎ ተበተነ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የግቢው በር በከዘራ ተደበደበ። ከፈትኩ። ጋሽ ዳና ናቸው፣ ላብ በላብ ሆነው፤ ድንች የያዘ ከረጢት ትከሻቸው ላይ ነው። ያን ሁሉ ዳገት ከሲቀላ በእግራቸው ወጥተውታል። እጄን ዘረጋሁ። ሳሮ አላሉኝም። ልጆቼን አልጠየቁኝም። ካወቅኳቸው ጀምሮ ሰው ሰላም ሳይሉ ሲገቡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከረጢቱን ዘጭ አድርገው በከዘራቸው ደረቴን ጠቆሙኝ።

«ማነው ተገኘ ብሎ ያወራ?»

 አስቴር ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል። የምናደድበትን ሁሉ ተናድጄ ጨርሼ ነበርና፣ ቀስ ብዬ ስልኬን አንስቼ ለምስክር ደወልኩ። ምስክር «ደግሞ ምን ልጻፍ?» አለኝ። «ጠፍተዋል በል» አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።

ጋሽ ዳና ከጎኔ ሆነው ጮክ ብለው አከሉበት።

«ከገበያ ቀን በፊት ይድረስ በለው!»