የጋሽ ሀቢቡ ጥያቄና የእኔ ለስላሳ ገመድ

ምን እንደሚሰቀልበት ሳያውቅ ምስማር የማይሸጥ ነጋዴ የሌለው ከተማ፣ ከተማ አይባልም። እኛም ወልቂጤ ላይ አንድ አለን፤ ክቡር ጋሽ ሀቢቡ፣ የብሎንና የማጠፊያ ሊቅ። "ለምን ሥራ ነው?" ሳይሉ ከመደርደሪያ ዕቃ አያወርዱም። ጎረቤቴ ፈቲሀ ማጠፊያ ልትገዛ ሄዳ በሩን ራሱን ነቅላ እንድታመጣ ታዝዛለች። ቁልፍ የሚገዛ ሰው የጠረጠረውን ሌባ ስም ሳይናገር አይወጣም። መልሱን ደግሞ ለብቻቸው አይሰሙትም፤ ሱቁ ውስጥ የቆመ ሁሉ ይመክርበታል።

እኔ ታዲያ ከዚህ ሱቅ የምፈልገው ነገር ነበረኝ።

ባለቤቴ ሰገነት ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጅማ ከገባች ወዲህ ትዳራችን በስልክ ነው። ለመስቀል እንደምትመጣ ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ስመጣ አልጋው ላይ እሰረኝ" አለች። ሳቅን። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲሆኑ የማይጫወቱት የለም። ቀጥላ ግን፣ "ጅማ እንዳልመለስ" አለች፤ ያኔ ማናችንም አልሳቅንም። ናፍቆቷ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ለእንዲህ ያለው ጨዋታ የተዘጋጀ ዕቃ እንዳለ ስልኬ ላይ አይቻለሁ፤ ወልቂጤ ላይ ግን ማን ይሸጠዋል? ራሴ ልሠራው ቆረጥኩ፦ ለስላሳ ገመድ፣ የብረት ቀለበቶች፣ እጇን እንዳይፍቃት ትንሽ ስፖንጅ።

ሱቃቸው ገብቼ ለስላሳውን ገመድ ሳነሳ፣ "ለምን ሥራ ነው?" አሉ ጋሽ ሀቢቡ።

"ለበሬ ማሰሪያ" አልኩ። መስቀል በደረሰበት ሰሞን በጉራጌ ምድር ከዚህ የተሻለ ውሸት አይገኝም ብዬ ነበር። ለካስ የባሰም የለም። ቀለም ሊገዛ የቆመው ጎረቤቴ ፈቃደ፣ ቅርጫው ሰው ጎድሎት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌላው በሬው ከጉንችሬ ይሁን ከቡታጅራ ሊያጣራ ፈለገ፤ ሌላው ሻኛው ለማን እንደታሰበ። ጋሽ ሀቢቡ ለስላሳውን ገመድ ከእጄ ወስደው ወፍራም የቃጫ ገመድ አወረዱልኝ።

"ለስላሳው ይሁንልኝ፣ ጋሼ።"

"በሬ ልስላሴ ምን ያደርግለታል?"

"ያሳዝነኛል" አልኩ። ስፖንጁን ሳነሳ ጆሮዬ ጋለ።

ስፖንጁን አዩ፤ እኔን አዩ። "ሰገነት መቼ ነው የምትገባው?"

"ቅዳሜ።"

ወደ እነፈቃደ ዞረው የዚህ ሰው ቅርጫ ሞልቷል፣ ሌላ በሬ ፈልጉ ብለው በተኗቸው። ዕቃዬን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቁ።

"የእኔዋ ሚስት ባሂራ ጅዳ ናት" አሉ። "ለአረፋ እመጣለሁ ትላለች። አረፋ ይመጣል፣ እሷ አትመጣም። ወላሂ፣ ይሄ ሁሉ ገመድ እያለኝ አንዲት ሴት ማስቀረት አቃተኝ።"

ለካ እኒህ ሰው እንዲያ የሚጠይቁት፣ በሰው ቤት የሚሠራውን መስማት ናፍቋቸው ነው። ያን ጊዜ ወደድኳቸው።

ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጠው አስቀመጡኝ። ሰገነት ምን እንደምትማር፣ የጅማ ምግብ ተስማምቷት እንደሆነ፣ ስትደውል መጀመሪያ ምን እንደምትል ጠየቁኝ። ቤት የሚጠብቀኝ ስላልነበረ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስለ ገመዱ ግን አንዲት ቃል አልጠየቁኝም።