ስም ጠሪው መምህር ቤዛብሕ

በዚህች ከተማ ከአስተማሪ ጋር ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሁሉ መጨረሻው ተማሪ መሆን ነው። አስተማሪ የታክሲውን ረዳት ያርማል፣ የሱቁን ማስታወቂያ ያርማል፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛውንም፣ ባይሰማው እንኳ፣ ያርማል። የአዲሱ ገበያው መምህር ቤዛብሕ ግን ከሁሉም ይብሳሉ። እሳቸው ስም ይጠራሉ።

ሂሳብ ማስተማር ከጀመሩ አንስቶ፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ከማስፈራቸው በፊት የተማሪዎቻቸውን ስም እስከ አያት ይጠራሉ። ወረቀት አይዙም። ተጠሪው «አለሁ» ማለት አለበት። «አቤት» አይበቃም፣ እጅ ማውጣትም አይበቃም። ለጓደኛ «አለሁ» ማለትማ ከነውርም ነውር ነው። «ሰው አለሁ የሚለው ለራሱ ብቻ ነው» ይላሉ፤ ይህችን ያልሰማ የሰፈሩ ልጅ የለም።

ችግሩ ደወል ሲደወል አለማቆማቸው ነው። ለቅሶ ድንኳን ገብተው የድሮ ተማሪዎቻቸውን በዓይናቸው ይለቅሙና የቀረው ለምን እንደቀረ ይጠይቃሉ። ሠርግ ላይ ሙሽራውን በሙሉ ስሙ ጠርተው «አለሁ» እስኪል ድረስ እጁን አይጨብጡም። አንዴ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር የድሮ ተማሪያቸው የሆነውን ሾፌር እስከ አያቱ ቢጠሩት፣ ሰውየው ደንግጦ ፍሬን ያዘና «አለሁ» አለ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ሰፈሩም ሊቀ ስም ጠሪዎች የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ እሳቸው ባይሰሙም ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ የማያስቀው ኤርሚያስ ቦጋለን ነው። ኤርሚያስም የእሳቸው ተማሪ ነበር። ዛሬ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ከፍቷል፤ ልጁ ሊድያ እዚያው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እሱም የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል። እንዲህ የተከበረ ሰው መንገድ ላይ «ኤርሚያስ ቦጋለ ተክሌ!» ተብሎ ሲጠራ መልሶ ቁምጣ የለበሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ፈገግ ብሎ እጁን ያነሣል እንጂ «አለሁ» ከአፉ አይወጣም።

በእሱ ሰብሳቢነት ትምህርት ቤቱ ሠለጠነ። በሩ ላይ የጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያ ተተከለ፤ ልጅ ጣቱን ሲያስነካ ወላጅ ስልክ ላይ «ልጅዎ በሰላም ደርሷል» የሚል መልእክት ይገባል። ከግቢው ጀርባ ያለው መስኮት የለሽ ዕቃ ቤትም የኮምፒውተር ክፍል ሆነና በካርድ የሚከፈት የብረት በር ተገጠመለት። መብራት ሲጠፋ በሩን የሚከፍተው መጠባበቂያ ባትሪ ለሚመጣው ዓመት ይቆየን ያለው ኤርሚያስ ራሱ ነበር። አሁን የቀረው አንድ ሥራ ነው፤ ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ በክፍል ውስጥ ስም መጥራት እንዲቀር ማስወሰን።

ከስብሰባው በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ መምህር ቤዛብሕ ወደ ፋርማሲው ስልክ ደወሉ።

«ልጅህ የት ናት?»

«ትምህርት ቤት ናታ፣ ቲቸር። መልእክቱ ደርሶኛል።»

«ስለ መልእክቱ አልጠየቅሁህም። ቦርሳዋ ወንበሯ ላይ አለ፤ እሷ የለችም። ስሟን ብጠራ ጓደኛዋ ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል አለችኝ። ሽንት ቤትም የለችም።»

ኤርሚያስ መጀመሪያ ተናደደ። ሽማግሌው ከቅዳሜ በፊት መሣሪያውን ሊያሳጡበት የፈለጉ መሰለው። ከዚያ ቦርሳው ትዝ አለው። ሊድያ አስም አለባት፤ ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት ያለው ቦርሳው ውስጥ ነው። ያለ ቦርሳዋ ሩቅ አትሄድም። ፋርማሲውን ለሠራተኛው ጥሎ ታክሲ ያዘ፤ መንገዱ ሲዘጋበት ወረደና ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው።

በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ ቱሉ ተቀበሉት። መሣሪያው ጨልሟል።

«ገብታለች፣ ዶክተር» አሉት። «መሣሪያው ገብታለች ብሏል። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ በቃ።»

ከግቢው ውስጥ የሚያውቀው ድምፅ ተሰማው። መምህር ቤዛብሕ የልጅቷን ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው ከበር ወደ በር እየሄዱ «ሊድያ ኤርሚያስ ቦጋለ!» ይላሉ። ይጣራሉ፣ ቆመው ያዳምጣሉ፣ ያልፋሉ።

«ቲቸር፣ እባክዎ ስም መጥራቱን ይተዉትና እንፈልጋት!»

«ምን እያደረግሁ መሰለህ?» አሉት ሳይቆሙ።

የግቢው ጀርባ ደረሱ። መምህሩ የብረቱ በር ፊት ቆመው በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ። መልስ አልመጣም። ደገሙት። ከበሩ ወዲያ የተቆራረጠች ድምፅ መጣች።

«አ... ለሁ።»

ጠዋት የኮምፒውተር መምህሩ የቤት ሥራዋን እንድትጨርስ ከፍቶላት ሄዶ ነበር። መብራት ሲጠፋ በሩ በላይዋ ተቆልፎ ቀረ። ኤርሚያስ ትንፋሿን ሰማ፤ ያንን የአስም ሲርታ ያውቀዋል። መድኃኒቱን በበሩ ሥር ሊያሾልክ ሞከረ፤ አላለፈም። ጋሽ ቱሉ ዲጂኖ ፍለጋ ሮጡ። ኤርሚያስ በሩን በትከሻው መደብደብ ጀመረ።

«ተው፣ ታስደነግጣታለህ» አሉት መምህር ቤዛብሕ። ከዚያም አፋቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። «ሊድያ፣ ከእንግዲህ እንዳትናገሪ። ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ ታስወጫለሽ። እኔ ስም ስጠራ አንድ ጊዜ በሩን ታንኳኪያለሽ። የሁሉንም ስም ነው፤ የአንቺን ብቻ አይደለም።»

ኤርሚያስ ጆሮውን ተጠራጠረ። እኚህ ሰው ለሌላ «አለሁ» ያለውን ተማሪ ከክፍል ሲያስወጡ ነው የሚያውቃቸው።

«ሊሚ ጉዲና ቶሎሳ።» ጠበቁ። ኳ አለ። «ጎበዝ፣ አስወጪው። አክሊል ያዕቆብ ደምሴ።» ኳ አለ። እንዲህ እያሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ክፍሉን በሙሉ ይጠሩ ጀመር። ማንኳኳቱ እየደከመ ሄደ። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ጭራሽ አልተሰማም። ድጋሚ ጠሩ። አልተሰማም። ኤርሚያስ አሮጌው እጃቸው የቦርሳውን ማንገቻ ጨምድዶ ሲይዝ አየ፤ ድምፃቸው ግን የሰሌዳ ፊት ድምፅ እንደሆነ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩ። ኳ።

ጋሽ ቱሉ ደረሱና ዲጂኖውን አስገብተው ቁልፉን ገነጠሉት። ሊድያ በሩ ሥር ቁጭ ብላለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አባቷ መድኃኒቱን ደጋግሞ ሰጣትና እቅፍ አድርጎ እያለቀሰ ጠበቀ። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። መጀመሪያ ቀና ብላ ያየችው ግን መምህሯን ነው።

«ቲቸር፣ ለሁሉም አለሁ አልኩላቸው።»

«ለዛሬ ተፈቅዷል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅዳሜ ስብሰባው ተደረገ። ኤርሚያስ የስም መጥራቱን ጉዳይ ሊያነሣ ከፊት ተቀምጧል፤ ምን ብሎ እንደሚያነሣው ግን አሁን ሌላ ሐሳብ አለው። መምህር ቤዛብሕ እንደ ልማዳቸው ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ወላጆቹን መጥራት ጀመሩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሰዓቱን አየ።

«ኤርሚያስ ቦጋለ ተክሌ።»

ሰብሳቢው እንደ ተማሪ ብድግ አለ።

«አለሁ፣ ቲቸር» አለ፤ ድምፁ ከፈለገው በላይ ጮኸበት።

መምህር ቤዛብሕ ጥቂት አዩት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።