ለሽምግልና የታደሰው ታብሌት

ከአምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰውና ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው ታብሌት በፍጹም መታደስ የለባቸውም! ሁለቱም ባሉበት ይተዉ። ቀስ ብለው ይነሣሉ፣ ቀስ ብለው ያስባሉ፣ ጠዋት ሞልተው ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ... ግን ይሠራሉ። «ላድስህ» ያላችኋቸው ዕለት ነው ጉዱ የሚፈላው። ይህን የምላችሁ የሆነ ቦታ አንብቤ አይደለም። ሰውየውም ታብሌቱም እኔ ቤት ስላሉ ነው።

እኔ አምቦ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። የዓለምን ነገሥታት ከነልጅ ልጆቻቸው ሰሌዳ ላይ ስደረድር ኖሬአለሁ። የራስህን ዘር ቁጠር ካላችሁኝ ግን ከቅድመ አያቴ ወዲያ መንገዱ ይጠፋብኛል። (አትሳቁ! እስቲ እናንተም ሞክሩት... ስንት ላይ ቀራችሁ?)

ይህ ገመናዬ የተገለጠው ጌዶ ላይ ነው። የወንድሜ ልጅ ለሚ አንዲት የጌዶ ልጅ ወደደ። ሀዊ ትባላለች፤ ነርስ ናት። ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ እኔና ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ። ኦቦ ቶሎሳ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላጋቡት ወንደላጤ በሰፈራችን የለም። የሀዊ አባት ኦቦ ፈይሳ የድሮ የከብት ነጋዴ ናቸው፤ አሁን ንግዱን ቢተዉም ሰውን የሚያዩት ጥርሱን ከፍተው ዕድሜውን ሊገምቱ በሚመስል ዓይን ነው። ሽማግሌ ነገሩ እስኪያልቅ አይቀመጥምና ግቢያቸው ውስጥ ቆምን።

«ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ» አሉ።

ቆጠርኩ። ሦስት ላይ ደረቅኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያለውን... ጽፌ አመጣለሁ።»

«ወረቀት የጫኑትን ሁሉ ይሸከማል፣ መምህር! ከአባቱ አፍ የሰማ፣ በአፉ የሚቆጥር ሰው ይዛችሁ ኑ። እስከዚያ ልጅም የለኝም፣ ወንበርም የለኝም።»

የሚቆጥር ሰው ከየት ይምጣ? የቤታችን ቆጣሪ አጎቴ ኦቦ ገመቹ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ለሚ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጁ ከሀዊ ሌላ አላገባም ብሎ የማለ ነው፤ ሀዊ ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት አልወጣም ብላለች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አጎቴ ከማረፋቸው በፊት ደንዲ ድረስ ሄጄ፣ በረታቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ዘራችንን ሲቆጥሩ በታብሌቴ ቀድቻቸዋለሁ! ሃያ ደቂቃ ሙሉ! ከዚያ ወዲህ ከፍቼው ግን አላውቅም። እኛ ሰዎች መቅዳት ላይ ጎበዝ ነን፤ ማየት ላይ ነው የሰነፍነው።

ለኦቦ ፈይሳ ደወልኩ።

«በአፋቸው የሚቆጥሩ ሽማግሌ አግኝተናል። ትንሽ እክል ግን አለ፤ ሞተዋል።»

ነገሩን አስረዳኋቸው። «አፉ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ካየሁ ይበቃኛል። እሑድ ኑ» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ቪዲዮውን ከፈትኩት። አጎቴ «እየቀዳ ነው?» ሲሉ ሰምቼ፣ አለ ብዬ ዘጋሁት። እዚያው ላይ ብተው ምን ነበረበት! ታብሌቱ ግን ለወራት ሲለምነኝ የኖረውን ልመና ደገመ፤ «አዲስ ዝማኔ አለ። አሁን ይጫን?» እኔም አሰብኩ። ኮቴን ላውንደሪ ሰጥቻለሁ። ጫማዬ ተጠርጓል። ኦቦ ቶሎሳ ፂማቸውን ተስተካክለዋል። ታዲያ ዋናውን ሽማግሌ ይዞ የሚሄደው ታብሌት ለምን እንዳደፈ ይሂድ? «ይጫን» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው!

ታብሌቱ ታድሶ ሲነቃ የማያውቀው አገር የደረሰ መንገደኛ ሆኖ ቀረ። አንዱን ስነካው ያስባል። ሌላውን ስነካው ፊተኛውን ይከፍታል። አንድ ፊደል ጽፌ ምሳ በልቼ ስመለስ ፊደሉ ገና እየመጣ ነው። ቪዲዮውማ አይነሳ! መሐል ላይ አንድ ክብ ነገር ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል... እኔም አብሬ ልሽከረከር ምንም አልቀረኝም።

«ጡረታ ጠይቆ ይሆናል» አለች ባለቤቴ አስቴር፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

አርብ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ክፍል ይዤው ሄድኩ። ሐኪም ሊጠፋ ይችላል፤ የታብሌት ሐኪም ግን አይጠፋም። አንዱ «አጥፍተህ አብራው» አለ። አንዷ «ሙቀት ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው፣ ደጋ ነውና ጎጆ ከተማ ይዘኸው ውጣ» አለች። የኮምፒዩተር አስተማሪው ከድር ግን ቁም ነገረኛ ነው። ተቀብሎ ገልበጥ አደረገው።

«ቅንብሮች ውስጥ ግባና ይህን ቁጥር ሰባት ጊዜ ንካው።»

«እዚህም ሰባት ቤት ይቆጠራል?»

«ንካ!»

ነካሁ። ሰባተኛው ላይ ብዙ አስቦ «አሁን ገንቢ ነዎት!» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ፕሮግራም ሠሪ ማለቱ ነው። ከድር በዚያ በኩል ገብቶ ምስሎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚጨፍሩትን ጭፈራ ከለከላቸው። (ማታ ለአስቴር ይህን ገንቢነቴን ነገርኳት። «እሰይ! ማድ ቤቱን መቼ ትጀምራለህ?» ብላኝ እርፍ!)

«ቦታህም ሞልቷል» አለ ከድር። «ትልቁ ፋይል ይህ ቪዲዮ ነው። ሰርዘው፣ ይፈጥናል።»

«እሱማ አጎቴ ናቸው!»

«እንግዲያው ታብሌቱን አንቀው የያዙት አጎትህ ናቸው።»

አጎቴን ትቼ ሌላውን መሰረዝ ያዝኩ። ጉድ ነው! በየማለዳው ዘመድ አዝማድ ሲልክልኝ የከረመው ጽጌረዳ፣ «መልካም ቀን» የሚል ጽጌረዳ፣ «መልካም ሳምንት» የሚል ጽጌረዳ፣ ጠል ያረፈበት፣ ጠል ያላረፈበት... አንድ የአበባ እርሻ ሙሉ ነቅዬ ጣልኩ። ታብሌቱ ትንሽ ተነፈሰ። ቪዲዮው ግን አሁንም አልነሳም።

ቅዳሜ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ ጊዜ አየውና ፈረደ።

«ፎርማት ነው መድኃኒቱ።»

«ፎርማት ከሆነ ውስጡ ያሉትስ?»

«ውስጡ ማን አለ?»

«አጎቴ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይጠፋሉ» አለኝ በሐዘን። ከእጁ መንጭቄ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ካርድ ልገልብጥ ብል «የቀረው ጊዜ፦ አሥራ አራት ሰዓት» አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ባየው ሃያ ሰዓት ሆኗል! ሲገሰግስ ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር እኔ ደመወዜን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተውኩት። ብቻ በነጋታው ማለዳ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ክቡ ዞሮ ዞሮ የአጎቴ ፊት ብቅ አለ። ጮቤ ረገጥኩ! ባትሪው እንዳያልቅ ወዲያው ዘጋሁት።

ለሚ ደወለ። «ጋሼ፣ ሙሉውን አይተውታል አይደል?»

«ብትፈልግ በቃሌ ልወጣልህ!» አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በጉደር በኩል ጌዶ ገባን። ኦቦ ፈይሳ ሁለት ሽማግሌዎቻቸውን ግራና ቀኝ አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ቆመናል። ታብሌቱን ሰዓት እንደሚያሳይ ሰው ወደ ፊት ዘርግቼ ያዝኩት። ክቡ ዞረ። ሁሉም ክቡን ያያል። ኦቦ ቶሎሳ ጉልበታቸውን ይዘው «ማሎ፣ እባክህ መምህር፣ እሱ ሲዞር እኔም ዞረብኝ» አሉ።

አጎቴ ብቅ አሉ። በኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ለእናንተ እተረጉመዋለሁ።

«እየቀዳ ነው? እሺ። የለሚ አባት ደበላ። ደበላ ገለታ። ገለታ ጉርሜሳ። ጉርሜሳ ዋቅጅራ። ዋቅጅራ ቱፋ...»

ኦቦ ፈይሳ በየስሙ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ይተያያሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አምስት ቤት አለፍን! ልክ አምስተኛው ላይ አጎቴ አፋቸውን ከፍተው ደረቁ። ክቡ መጣ።

እንጠብቃለን። አጎቴ አፋቸውን ከፍተዋል። እንጠብቃለን። አንድ ዶሮ በመካከላችን አለፈ፤ ተመልሶም አለፈ። ኦቦ ፈይሳ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ታብሌቱ ተጠጉ።

«ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?»

«ፊታቸው የተለመደ ነው» አልኩ።

ክቡ ጠፋ። አጎቴ ቀጠሉ። «ቱፋ በዳሳ። በዳሳ ሆርዶፋ። ሰባት!»

«ሆርዶፋ የኛ ቤት የለም!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ንጹሕ ነው!» አሉ ሁለተኛው። ኦቦ ፈይሳ በሰፊው ፈገግ አሉና «ወንበር አምጡ!» ብለው ጮኹ። ኦቦ ቶሎሳ ገና ሳይቀመጡ ምርቃት ጀመሩ። እኔም የማቆሚያውን ምልክት ነካሁ።

ታብሌቱ ማሰብ ጀመረ። አጎቴ ግን አላቆሙም።

«እንግዲህ ስማኝ» አሉ ከበርጩማቸው ላይ። «ልጆቻችሁን ከፈለጋችሁት ቤት አጋቡ። ከጌዶ ግን አደራ!»

ነካሁት። ደግሜ ነካሁት። ሰባት ጊዜ ነካሁት!

«ጌዶ ገበያ አንድ ፈይሳ የሚባል ነጋዴ አንካሳ በሬ ሸጦልኛል። ገበያው ላይ እንደ ሙሽራ እየተራመደ፣ ደንዲ ሲደርስ በሦስት እግሩ! ከዚያ ሰውዬ ጋር ከምዛመድ ከጅብ ጋር ብዛመድ ይሻለኛል። በምን ታውቀዋለህ ካልከኝ፣ ፍንጭት ነው። ሲስቅ እዚህ ጋ...»

ጥርሳቸውን በጣታቸው እንዳሳዩ ታብሌቱ ትእዛዜን ሰምቶ ቆመ። ቀልጣፋ!

ኦቦ ፈይሳ ቀስ ብለው አፋቸውን ዘጉ።

ወንበሩ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። ካፍ ከወጣ አፋፍ... የምሸሸግበት አፋፍም አጠገቤ አልነበረም። ለሚን አሰብኩት። ይሄኔ አምቦ ስልኩን ታቅፎ ተቀምጧል።

«በሬው አንካሳ አልነበረም!» አሉ ኦቦ ፈይሳ በመጨረሻ። «ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ ሲነዳው ነው የሰበረው! እኔ እኮ በሬ እንጂ መኪና አልሸጥኩለትም!»

«ልክ ነዎት» አልን እኔና ኦቦ ቶሎሳ እኩል።

«ሟች ስለሆነ አልረግመውም። ነገር ግን ይህ ወሬ ተቀድቶ እየኖረ፣ ነገ የልጅ ልጆቼ አያታችሁ አንካሳ ሻጭ ነው እየተባሉ አያድጉም። አጥፋው። አሁን፣ ዓይኔ እያየ! ያኔ ልጄን ትወስዳላችሁ። ካልሆነ በሩ ያው።»

አንባቢዬ፣ እስካሁን የቀለድኩት ሁሉ እዚህ ላይ ጥሎኝ ሄደ። አጎቴ ሌላ ፎቶ የላቸውም። ድምፃቸው ያለው እዚህ ብቻ ነው። የሰባት ቤቱን ስም በወረቀት ልይዘው እችላለሁ፤ «እየቀዳ ነው?» የሚሉበትን ድምፅ ግን በምን እይዘዋለሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ከፍቼ አለማዳመጤ አንጀቴን በላኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ጆሮዬ ሥር ተጠጉ። «ገመቹ ኖሯል። ለሚ ገና መኖሩ ነው።»

ሰርዝ የሚለውን ነካሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። አልነበርኩም። አዎ አልኩት። ክቡ ዞረ፣ ዞረ... አጎቴ ከፊቴ ጠፉ። ዓይኔን በኮቴ እጅጌ ጠረግሁ።

ኦቦ ፈይሳ ግን የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ሰው የነገራቸውን ሳይሆን የቆጠሩትን ነው የሚያምኑት። «ሀዊ!» ብለው ተጣሩ። ሀዊ ነጠላዋን ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። «አንቺ መሥሪያ ቤት በዚህ ነው የምትሠሪው። እስቲ እይው፣ በእርግጥ ጠፍቷል?»

ታብሌቱን ተቀብላ ጣቷን ሁለቴ ሦስቴ አሳለፈች። አጠገቧ ቆሜ አየሁ። አዲሱ ዝማኔ ያመጣው ኖሯል ለካ፤ የተሰረዘ ነገር ሁሉ የሚጣልበት «መጣያ» የሚባል ጓዳ! እዚያ ጓዳ ውስጥ አጎቴ ጣታቸውን ጥርሳቸው ላይ እንዳደረጉ ቁጭ ብለዋል። ከሥራቸው «30 ቀን ቀርቷል» ይላል።

ሀዊ አየቻቸው። እኔን አየችኝ።

«ጠፍቷል፣ አባ» አለች።

ታብሌቱን በሁለት እጇ ስትመልስልኝ ጎንበስ ብላ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጋሼ፣ በሰላሳ ቀን ውስጥ ያውጧቸው» አለችኝ።

ወንበሩ መጣ። ተቀመጥን። ኦቦ ፈይሳ «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» ሲሉ ኦቦ ቶሎሳ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ ግን መልሱን ከእሳቸው ቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ለእኛ ወገን ስትል የገዛ አባቷን ዓይን እያየች የዋሸች ልጅ፣ ከዚህ በላይ ምን ብላ እሺ ትበል?

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ብሉ፣ ጠጡ፣ ጨፍሩ። ኦቦ ፈይሳ ያሉበት ጠረጴዛ ከደረሳችሁ ግን ስለ ዝናብ አውሩ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አውሩ... በሬ የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ!